ፊልም ያመላለስንበት የኾበር መንገድ

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፤ የተጣላም የለም። እንዲያውም ሥራ ስጠይቅ እንደ ትልቅ ስኬት የማወራው ታሪክ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን የሆስፒታላችን ኔትወርክ ተቋርጦ፣ አንዲት ነርስ የራጅ ፊልም በትልቅ ፖስታ አቅፋ ስትገባ ልቤ ኾበር ደርሶ ተመለሰ።

የራዲዮሎጂ ትምህርቴን የጀመርኩት ሳዑዲ አረቢያ፣ ደማም ከተማ ነው። ሆስፒታሉ ጎረቤት ከተማ ኾበር ላይ ቅርንጫፍ ነበረው፤ እዚያ ራጅ ይነሳል እንጂ የሚያነብ ሐኪም የለም። ስለዚህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አንድ ተማሪ ሐኪም ሄዶ የቀኑን ፊልም ተረክቦ ይመለሳል። ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ እኔ እሄዳለሁ አልኩ። አለቆቼን ማስደሰት እወድ ነበር። ቆይቶ ግን የምሄድበት ምክንያት ተለወጠ።

ሹፌሩ ጋሽ ሰኢድ የወሎ ሰው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ከመኪናው ስንወርድ የባሕሩ ወበቅ መነጽሬን ወዲያው ይደፍነዋል፤ እሱ ከኋላ ሆኖ ይስቅብኛል።

"ዶክተር፣ ይቺ ሽቶ ለፊልሙ ናት?"

"ለሥራ ነው፣ ጋሽ ሰኢድ።"

"ወላሂ፣ ሥራህ ቆንጆ ናት!"

ሥራዬ የተባለችው ሰናይት ነበረች፤ የኾበሩ ራጅ ክፍል ባለሙያ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ። ርክክቡ የሚደረገው በመስኮት ነው። በዚያ አገር፣ በዚያን ጊዜ፣ ዘመድ ያልሆኑ ወንድና ሴት ቆመው ለማውራት ምክንያት ያስፈልጋቸዋል። የእኛ ምክንያት ፊልሙ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ፉል በዳቦ ጠቅልላ ታቆይልኛለች።

"ብላ እንጂ። አንተን እኮ ራጅ ማንሳት አያስፈልግም፤ ፀሐይ ላይ ማቆም ይበቃል" ትለኛለች።

በዚያው ሰሞን የሕክምና አመራር ኮርስ ጀመርኩ። ሥራ የሚያሻሽል ሐሳብ አምጡ ሲባል፣ ሁለቱን ቅርንጫፎች በኮምፒውተር እናገናኝ አልኩ። ሐሳቤ ተወደደ፤ ለትንሽ ቡድን መሪ ተደረግሁ። ከልቤ ነበር ያሰብኩት። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ኾበር ተኝቶ፣ ፊልሙ በመኪና መጨናነቅ መንገድ ላይ ሲቆም አይቻለሁ። ሮጬ የነገርኩት ለሰናይት ነው።

"ታዲያ ኮምፒውተሩ ሲመጣ አንተ አትመጣማ" አለች።

"አዎ፣ ከመንገዱ ተገላገልን!" አልኳት በደስታ።

መስመሩ ሊከፈት ሲቃረብ፣ አንድ ረቡዕ ፖስታውን ይዛ ሳትለቅልኝ ቆየች።

"ኮንትራቴ ሊያልቅ ነው። ላድስ ወይስ አገሬ ልግባ? አንተ ምን ትላለህ?"

"አድሺ እንጂ! አዲሱን ሲስተም የሚለምድ ሰው በጣም ያስፈልገናል።"

"ለእናንተ?"

"ለዲፓርትመንቱ ማለቴ ነው።"

ፈገግ አለች። "ኸላስ፣ በቃ። ለዲፓርትመንቱ አስብበታለሁ" ብላ ፖስታውን ለቀቀችልኝ።

መኪና ውስጥ ለጋሽ ሰኢድ ስነግረው ሬዲዮውን አጠፋ።

"አንተን ነው እኮ የጠየቀችህ፤ አለቃህን አይደለም። ነገ ስንመለስ ንገራት!"

እነግራታለሁ አልኩ። በማግስቱ ግን ማሽን የሚተክሉት ሰዎች መጡ፤ ከዚያ ስብሰባ፣ ከዚያ ሥልጠና። መስመሩ ተከፈተ፤ አለቆቼ ጨበጡኝ፤ የኾበር ጉዞም ቀረ። ስልክ አልነበረም ወይ ትሉ ይሆናል። ነበረ። እንዲህ ያለ ነገር ግን በስልክ አይባልም፣ ሲስተሙ ሲረጋጋ ሄጄ በአካል እነግራታለሁ እያልኩ ቆየሁ። ደግሞም የራቀች አልመሰለኝም። ከኾበር በሚመጣው ምስል ሁሉ ጥግ ላይ ያነሳው ሰው ስም ይጻፋል፤ ስሟን በየቀኑ አያለሁ። አየኋት ማለት መስሎኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ጥጉ ላይ የሌላ ሰው ስም መጣ። ፈረቃ ቀይራ ይሆናል አልኩ። በማግስቱም ያው ስም ነው። ጋሽ ሰኢድን ግቢው ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት።

"ማፊ ሰናይት፣ ዶክተር፤ የለችም። ኹሩጅ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ አስመትታ አገሯ ገባች። እኔው ነኝ ኤርፖርት ያደረስኳት።"

"ምንም አላለችም?"

"አዲሱ ነገር ደህና ይሠራል ወይ አለችኝ። ይሠራል አልኳት።"

ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ የሳዑዲ ስልኳ ተዘግቷል። የአገር ቤቱን ቁጥር ጠይቄያት አላውቅም።

ያንን ሥራ ዛሬም ብጠየቅ እሠራዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ኾበር ላይ ፊልሙ ደማም እስኪደርስ የጠበቀ በሽተኛ የለም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተማሪዎቼ ስለ አመራር ሲጠይቁኝ ሰዎችን አድምጡ እላቸዋለሁ፤ እነሱም ይጽፉታል። ስለ ማን እየተናገርኩ እንደሆነ አይጠይቁኝም፤ እኔም አልነግራቸውም። የሚቆጨኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ "እኔ እንድትሄጂ አልፈልግም" የሚል። ያ ዓረፍተ ነገር የሚነገርበት መስኮት ከፊቴ ክፍት ሆኖ ወራት አለፉ። ሰናይት ከደማም የበረረችው ሐሙስ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 9 ቀን 2016 ነው።