በዱቄት ጆንያ ላይ የተሣለው ስደት

ገጽ ተሰጠኝ! ትናንት ከትምህርት በኋላ አስተማሪያችን ከማባዣው ክፍል ብቅ ብሎ፣ «አንቺ ልጅ፣ ድርሰትሽን አንብበነዋል፤ በመጽሔታችን ቦታ ትተንልሻል፤ አንድ ትዝታ ጻፊልን» ሲለኝ፣ እጁን ጨብጬው ወጣሁ። በገዳሪፍ ገበያ መሐል እየሮጥኩ ነው ቤቴ የገባሁት። መንገድ ላይ የሰሊጥ ነጋዴው ጆንያ አደናቀፈኝና ሽማግሌው «ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ምን አገኘሽ?» ብለው ሳቁብኝ። «ገጽ!» አልኳቸው። ገጽ አግኝቶ መሮጥ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ግን «መብሩክ» አሉኝ።

ቤት ገብቼ መዳፌን ሳየው፣ አስተማሪያችን ሲጨብጠኝ የማባዣው ቀለም ነክቶኛል። አሸተትኩት። ዘይትና ላምባ የተጋቡበት ሽታ ነው። ደስታዬ እዚያው እንዳለ አንድ የድሮ ድካም ተመልሶ መጣብኝ። ይህ ሽታ የአጎቴ እጅ ነው፤ የረሃቡ ዓመት ነው።

ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከጎንደር በኩል ተነሥተን፣ ድንበሩን በእግር ተሻግረን፣ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ በላስቲክና በሣር የተሠራ መጠለያ ውስጥ ነበርን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና ገና ጡት ያልተወ ወንድሜ። ስለዚያ ጊዜ ሲወራ ሰዎች ረሃቡን ይጠይቁኛል። እኔ ይበልጥ የማስታውሰው ድካሙን ነው። ትልልቆቹ ሲቀመጡ የሚያሰሙት ድምፅ ነበር፤ ሲነሡም ሌላ ድምፅ። ፀሐይዋ ራሷ የደከማት ይመስል አንዴ ከላስቲኩ በላይ ከቆመች አትንቀሳቀስም። እናቴ ወንድሜን ስታጠባ ዓይኗ እንደተከፈተ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። አባቱ ሠዓሊ፣ እናቴም የሠዓሊ ልጅ፣ የወንድሜ የክርስትና አባትም ሠዓሊ። የሠዓሊ ቤት የሚጋባው ከሠዓሊ ቤት ነው። በመካከላቸውም አንድ ሕግ ነበረች። ሠዓሊ ከሠዓሊ ምጽዋት አይቀበልም። የቸገረው ሥራውን ይሸጣል፣ ባልንጀራው ይገዛዋል፣ ገዝቶም ከገዛ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። ለሠዓሊ ቤት ካልሆነም አይሸጥም። አገር ቤት ሳለን ግድግዳችን ላይ የአባቴ ሥራ አንድም አልነበረም፤ የአያቴ፣ የጎረቤታችን፣ የክርስትና አባትየው ሥራ ነበር የሞላው። እኔ የሰው ሁሉ ቤት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

የእናቴ ወንድም ግን ቀድሞን ሱዳን ገብቶ የሎሪ በርና የሻይ ቤት ስም ይቀባ ነበር። ቀለሙ እዚህ ቦህያ የሚሉት የቆርቆሮ ቀለም ነው። አንበሳ ይሥላል፣ ጽጌረዳ ይሥላል፣ ቡዳ እንዳይበላ ብሎ ትልቅ ዓይን ይሥላል። አባቴ ይህን በሰማ ጊዜ፣ ተዝካር ላይ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት «እሱማ ቀቢ ነው፤ ሠዓሊ አይባልም» አለ። ቃሉ ድንበር ተሻግሮ ለአጎቴ ደረሰው። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም አልነበራቸውም። ገዳሪፍ ስንደርስ እናቴ «ወንድሜ እኮ እዚሁ ከተማ ነው ያለው» ብትለው፣ አባቴ «ይኑር» አላት። በቃ።

አባቴ ሰሊጥ ሊያጭድ ድንበሩ ላይ ወዳለው የፋሽጋ እርሻ ወርዶ በወባ ተመለሰ። ወንድሜ ማልቀስ ተወ። ልጅ ሲያለቅስ ደህና ነው፤ ሲተው ነው የሚያስፈራው። የሰጡትን ወተት ሁሉ ይመልሰዋል። በመጠለያው አንዲት ሆላንዳዊት ነርስ ነበረች፤ ሁሉም ኸዋጃዋ፣ ነጯ፣ ይሏታል። አረብኛዋን እየሰባበረች፣ ልጁ ንጹሕ ውሃና ጥላ ያለበት ቤት፣ ሐኪም የሚቀርብበት ከተማ ካልገባ እዚህ እንደማይተርፍ ነገረችን። እናቴ አባቴን ሳትጠይቅ በውሃ ሎሪው ሾፌር ለወንድሟ መልእክት ላከች።

አጎቴ በማግስቱ መጣ። የመጣበት ሎሪ በሩ ላይ እሱ የሣለው አንበሳ ነበር። የማሽላ ጆንያ ተሸክሞ ወርዶ ከአባቴ እግር ሥር አስቀመጠው።

«ደኅና ነህ ጋሼ?»

«እግዜር ይመስገን። ይህ ምንድን ነው?»

«ዱራ ነው። ልጁንም ወደ ቤቴ ልወስደው ነው።»

«ዱራህን መልሰው። ልጄም አይሄድም።»

እናቴ ጮኸች። «አንተ ሰው! ልጁን እየው እንጂ! ኩራትህን ነው የምታጠባው?»

«ወላሂ ልመጸውትህ አልመጣሁም» አለ አጎቴ። «ሥዕል ልገዛ ነው የመጣሁት።»

«ወላሂ ትላለህ? ማተብህስ?»

«አፌ ለመደው፤ ምን ላድርገው!»

«እጅህም የለመደውን ሰምተናል። በሰሊጥ ዘይት በጥብጠህ የቀባኸው በር ሳይደርቅ ዝንብ ሁሉ ተለጠፈበት አሉ።»

«አንድ ጊዜ ነው! ቀለም ጠፍቶ አንድ ጊዜ ብቻ ነው!»

ከጎን ካለው ላስቲክ ውስጥ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። አባቴ ግን አልሳቀም። ነገሩ የገባኝ እናቴ አፏን በነጠላዋ ስትሸፍን ነው። ሥራ የሚሸጠው ለሠዓሊ ብቻ ነው። አባቴ ለአጎቴ ከሸጠ፣ ያንን በተዝካሩ ላይ የተናገረውን ቃል በሰው ፊት መዋጡ ነው። ካልሸጠ ደግሞ ወንድሜ እዚያው ላስቲክ ሥር ይቀራል።

ነርሷ ልጁን ልታይ የመጣችው ያኔ ነው። ሁለቱ ወንዶች እንደ ተኳረፉ በሬዎች ቆመው ስታይ አጎቴን ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ ዱራው ጆንያ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እሷም ደክሟት ነበር፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እሷ ትናገራለች፣ አጎቴ ያስተረጉማል።

«የሠዓሊ ልጅ ነኝ ትላለች። እናቷም የሠዓሊ እህት። አገራቸው ከጥንት ጀምሮ ሠዓሊዎቹ እርስ በርስ ይጋባሉ፣ ክርስትና ይነሣሣሉ፣ ሥዕልም ይገዛዛሉ። አንዱ ሲሞት ቤቱ ውስጥ የሚገኘው የአማቹና የጎረቤቱ ሥራ ነው ትላለች።»

«ይህን ከራስህ ጨመርከው» አለ አባቴ።

«ወላሂ አልጨመርኩም!»

ነርሷ ቀጠለች። በአገሯ በጦርነት ጊዜ አንድ ክረምት ተርበው ነበር፤ የአበባ ሥር ቀቅለው እስኪበሉ ድረስ። አባቷ የእናቷን ወንድም ይንቀው ነበር፤ የብስኩት ቆርቆሮ ላይ ነበርና የሚሥለው። ይኸው ሰው በበረዶ ላይ ብስክሌት እየገፋ ድንች ይዞ መጣ። አባቷ አልቀበልም አለ። ሰውየውም እንግዲያው ሥዕል ሽጥልኝ አለው።

አባቴ ቀና ብሎ አያት። እስከዚያ ቀን ድረስ ፊቷን ያየው አይመስለኝም።

«ኸዋጃም ይራባል እንዴ?» አለ። ቀጥሎም፣ «ሸጠለት ወይ? ጠይቃት።»

አጎቴ ጠየቃት። ነርሷ ወንድሜን ከእናቴ እጅ ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠግታ መለሰች። አጎቴ ጎንበስ ብሎ ሕፃኑን አየ።

«ሸጠለት። ሕፃኗ እኔ ነበርኩ ትላለች።»

አባቴ ወደ አጎቴ ዞረ። ከዚያ «ቀለም ይዘሃል?» አለው።

«ቦህያ ነው ያለኝ፣ ጋሼ።»

«ቦህያም ቢሆን አምጣው።»

«እሱን እዚህ ልተውልህ፤ መጀመሪያ ልጁን ላድርስ። ሠዓሊ ሠዓሊን ያምናል።»

አባቴ አላረመውም። እናቴ ልቅሶዋን ያመጣችው ወንድሜን ታቅፋ ሎሪው ላይ ከወጣች በኋላ ነው።

እኔ ከአባቴ ጋር ቀረሁ፤ ቆርቆሮውን ያዥ ተብዬ። የእርዳታ ዱቄት የመጣበትን ነጭ የጨርቅ ጆንያ ተርትሮ ዘረጋው። ወባው ሲነሣበት ብሩሹን ያኖራል፣ ሲተወው ያነሣል። ያ የዘይትና የላምባ ሽታ ፀጉሬ ውስጥ ገባ። የሣለው የእመቤታችንን ስደት ነው። እመቤታችን አህያ ላይ ልጇን ታቅፋ፣ ዮሴፍ ከፊት ስንቅ ተሸክሞ። የጨርቁ ጫፍ ላይ የዱቄቱ ፋብሪካ ማኅተም አልለቅ ብሎት፣ የግብፅ አገር ግንብ አደረገው።

አጎቴ ሥዕሉን ሊወስድ ሲመጣ ወንድሜ ማልቀስ እንደጀመረ ነገረን። አባቴ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። አጎቴ ጨርቁን ወደ ብርሃን አዙሮ ብዙ ካየ በኋላ፣

«ጋሼ፣ ይህ የዮሴፍ ጆሮ የኔ አይደለም?» አለ። አጎቴ ጆሮው ሰፊ ነው።

«የዮሴፍ ነው» አለ አባቴ። «ዮሴፍ የተነገረውን የሚሰማ ሰው ነበር።»

ከዚህ ሌላ ይቅርታ ሲጠይቀው አልሰማሁም።

ዓመቱ አልፎ እኛም ከተማ ገባን። አባቴ ዝናብ አይቶ ትንሽ እንደበረታ፣ አጎቴ ዘንድ ሄዶ በተራው ሥራውን ገዛ፤ አንበሳ የተሣለበት የአሮጌ ሎሪ በር። ዛሬም ቤታችን ግድግዳ ላይ አለ። ወንድሜ አሁን ይህን ስጽፍ ቀለሜን እየደፋ ያስቸግረኛል። አባቴ ግን ያ ድካም ከአጥንቱ ሳይወጣ፣ አምና በጾም ወራት አረፈ። ለቅሶው ሲበተን እናቴ ግድግዳውን ዞራ ዞራ አየች። የአባቴ እጅ ያረፈባት አንዲት ነገር አልነበረችም።

አጎቴ ዘንድ ሄጄ ሥዕሉን ስጠን ብዬ ለመንኩት። ፊቱን አዞረ። «የተገዛ አይመለስም፣ ልጄ። ብመልሰው እኮ ምጽዋት ነበር ማለት ነው፤ አባትሽን በመቃብሩ ላሰድበው?» አለኝ። ያኔ ተናደድኩበት። አሁን እየገባኝ ነው መሰለኝ።

ይህን እንደምጽፍ ስነግረው፣ «ለሚያነቡሽ ሁሉ ንገሪ፤ ዓርብ ከቀትር በኋላ ቤቴ ክፍት ነው» ብሎኛል። እንግዲህ ነግሬያችኋለሁ፣ ኑ። በገበያው የቆርቆሮ ሠሪዎች መሐል አልፋችሁ፣ ሰማያዊ ዓይን የተሣለበትን በር አንኳኩ። እዚህ አገር በመንገድ የማይደክመው ሰው የለም። ደክሟችሁ ከሆነ የገመዱ አልጋ ላይ ጋደም በሉ ይላችኋል፤ አትግደርደሩ። የአባቴ ሥዕል ደህና ሆኖ የሚታየው ከዚያ ነው። እኔም ስሄድ ተኝቼ ነው የማየው።