ማን በላው?

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ የጥላሁን አርባ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነስቼ ሞላሌ ላይ ከመኪና ወረድኩና የቀረውን በእግሬ ሄድኩት። ስደርስ ዳሱ ተጥሏል፣ ቄሶቹ ጨርሰዋል፣ ሰዉ ጠላውን ይዞ አቀርቅሯል። ገና ሚስት ያላገባ ልጅ ተዝካር ላይ ምን ይወራል?

ከአጥሩ ውጪ ግን አንዲት ሴት ብቻቸውን ቆመው ያለቅሳሉ። እትዬ ይመኙሻል ናቸው... ጎረቤታችን፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ። ሰዉ የሚጠጣው ጠላ የተጠመቀው እሳቸው በሠሩት ጋን ነው። እሳቸው ግን መግባት አልቻሉም። «ጥላሁንን የበሉት እሳቸው ናቸው» ተብሏል።

ሸክላ ሠሪ ዓይኗ ሰው ይበላል የሚባል ነገር አለ አይደል... አንጀቴን የሚያሳርረኝ ወሬ! ልጁ ከመታመሙ በፊት መንገድ ላይ አግኝተውት «እንዴት አምሮብሃል!» አሉት። በቃ፣ ወንጀላቸው ይኼው ነው። ወንድሜን የገደለው የጉበት ቫይረስ መሆኑን ሐኪሙ ነግሮናል፤ ማን ይስማው!

እማ ጓዳ ጠራችኝና በሩን ገጠም አደረገችው።

«አንቺ የምትማሪው ይኼንኑ አይደል? እንግዲያው ንገሪኝ... ልጄን ማን በላው?»

እውነቷን ነው፣ የማስተርስ ጽሑፌ ስለዚሁ ነው። ቫይረስ ሲገባበት ሴል እንዴት ራሱን እንደሚከላከል። ፈረንጆቹ «ኦቶፋጂ» ይሉታል፣ እኔ «ራስን መብላት» ብዬ ተርጉሜዋለሁ። በዚህች ትርጉሜ ደግሞ ኩራቴ!

«እያንዳንዷ የሰውነታችን ሴል ውስጥ ጠራጊ አለ እማ። ያረጀውን፣ የተበላሸውን እየጠቀለለ ይበላል። ባዕድ ነገር ሲገባም ይበላዋል። ይኼ የጉበቱ ቫይረስ ግን ተንኮለኛ ነው። ጠራጊው ጠቅልሎ ሳይጨርሰው እሱ ይቀድምና ጥቅልሉን መራቢያው ያደርገዋል።»

እማ፣ «እንግዲያማ የበላው የውጪ ሰው አይደለም በይኛ... ከውስጡ ነው» አለች።

ደስ አለኝ! ለእትዬ ይመኙሻል ነጻ መውጣት ሆኖ ታየኝ። ልነሳና ልጠራቸው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ታዲያ ውስጡ መቼ ገባ?»

የቀሚሴን አቧራ ማራገፍ ጀመርኩ።

«አልሰማሽኝም?»

«በምላጭም ይገባል... በመርፌም...»

«ሌላስ?»

ዓይኔን አሸሸሁ። ሐኪሙ ለብቻዬ የነገረኝን አስታውሳለሁ። ብዙ ጊዜ ሲወለዱ ነው ብሏል፣ ከእናት። ካልነገርኳት እትዬ ይመኙሻል እንደ ተወገዙ ሊቀሩ ነው። ብነግራትስ? እናቴ ናት እኮ!

መንገር አላስፈለገኝም። እማ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች።

«ጥላሁንን ያረገዝኩ ጊዜ እኔም የወፍ በሽታ ይዞኝ ነበር... ዓይኔ እንዳለ ቢጫ ሆኖ...»

«አታውቂም ነበር እኮ እማ። የማንም ጥፋት አይደለም።»

የሰማችኝም አይመስለኝ። ብድግ ብላ ወጣች። ዳሱን በመሐል ሰንጥቃ፣ ማንንም ሳታይ፣ አጥሩ ጋ ደረሰች። ሰዉ ልትጣላ መስሎት ተነሳ።

«ይመኙሻል፣ ነይ ግቢ» አለች። «አንቺ አይደለሽም። የበላሁት እኔ ነኝ።»

ሰዉ ሁሉ አማተበ። ከኋላዋ ተከትያት የወጣሁት እኔም እዚያው ዳሱ ሥር ቀረሁ። አንዲት እናት የልጇን አርባ እያወጣች እንዲህ ስትል መስማት ምን እንደሆነ በጽሑፍ አልነግራችሁም፣ አልችልበትም።

እትዬ ይመኙሻል ግን በሩን ገፍተው ገቡ። ጭቃ በደረቀበት እጃቸው የእማን አፍ ያዙ።

«ተይ! ይኼን ስም እኔ ተሸክሜው ስለኖርኩ አውቀዋለሁ... ለማንም አይሰጥም።»

ተቃቅፈው አለቀሱ። እኛም አለቀስን። ከዚያ እማ በራሷ እጅ ጠላ ቀዳችላቸው፣ ከዚያው ከሠሩት ጋን።

ሰኞ ተመልሼ ጽሑፌን ከፈትኩና «ራስን መብላት» የሚለውን በሙሉ ሰረዝኩት። ቦታው እስካሁን ባዶ ነው... እስቲ ማንንም የማይወቅስ አንድ አማርኛ ካላችሁ ለግሱኝ።