በአሮጌው መናኸሪያ የቀረ አደራ

ስሙ ይታያል የሆነው አባቴ በብቸና አሮጌው መናኸሪያ ሠላሳ አንድ ዓመት ተራ አስከብሯል። የሞጣውን መኪና ከደጀኑ በድምፁ ይለይ ነበር። ሰው የሚያስታውሰው ግን በአደራው ነው። ከሞጣ ዕቃ የሚልክ ለሾፌር ይሰጣል፤ ሾፌሩ ለአባቴ ያስረክባል፤ ባለቤቱ እስኪመጣ ዕቃው በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ይቀመጣል። ከስም በቀር የሚጻፍበት ነገር የለም። አባቴ ሰዉን ሁሉ አውቃለሁ ባይ ነበር።

መናኸሪያው ተዘግቶ ወደ ከተማው ዳር ሲዛወር አንድ ጥቅል ባለቤት አጣ። የሞጣው ልብስ ሰፊ ከሊፋ የላከው ነው፤ «ለስርጉት» ይላል። የትኛዋ ስርጉት እንደሆነች አባቴ አላወቀም። የከሊፋ ስልክ አይሠራም፤ ያን ጊዜ መንገዱም ተዘጋግቶ ነበር። ጥቅሉን ቤት አምጥቶ ቁም ሳጥን ውስጥ አኖረው። በገበያ ቀን ደግሞ ሄዶ ከተቆለፈው በር ፊት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።

«ሰውዬ፣ መኪናው እኮ ከሄደ ቆየ» ትለዋለች እናቴ።

«መኪና አልጠብቅም።»

«እንግዲያው ፍታውና እንየው። ቅቤ ቢሆን እስካሁን ይሸተን ነበር።»

«የሰው ነው፤ አይፈታም።»

እንዲህ ሁለት ዓመት ሄደ። አምና በጥቅምት እግሩ አብጦ አልጋ ያዘ። «አደራ በልቼ ልሞት ነው» አለ። ድንጋዩ ላይ እኔ መቀመጥ ጀመርኩ።

በሦስተኛው ገበያ አንዲት የገጠር ሴት በሩን ገፋ ገፋ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሽ ይታያል የት ገቡ? ለልጄ ቀሚስ ሞጣ አሰፍቼ ነበር። ሰፊውን ገና አሁን ባገኘው ድሮ ልኬልሻለሁ አለኝ።»

ስርጉት ነበረች። ቤት ሄጄ ላምጣልሽ ብላት እምቢ አለች። «ከእሳቸው እጅ ነው የምቀበለው።»

አባቴ ከትራሱ ቀና ብሎ ጥቅሉን በሁለት እጁ ሰጣት። እዚያው ፈታችው። ቢጫ የልጅ ቀሚስ ነው። ከፍ አድርጋ አየችውና ሳቀች።

«ልጅቱማ ጥላው አደገች ጋሼ። ትከሻዬ ላይ ደርሳለች።»

የአባቴ ፊት ጠቆረ። «አጠፋሁ።»

«ምን አጠፉ? ታናሿ ትለብሰዋለች። እሷ ከእህቷ ውራጅ በቀር ለብሳ አታውቅም፤ ዛሬ አዲስ ደረሳት።»

ትንሽ ቆይቶ አባቴ ጠራኝ። «እሷ አዲሱን መናኸሪያ አታውቀውም። ሸኚያት፤ ወንበር ሳታገኚላት እንዳትመለሺ።»

ከሾፌሩ ኋላ ቦታ አገኘሁላት። ስመለስ መኪናው ሞልቶ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሞልቷል አልኩት። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው። ያረፈው በአራተኛው ቀን ነው።