የዕንባቆም የሕይወት ታሪክ፣ ዕንባቆም ባለበት

በሀዲያዋ ከተማ በሾኔ ሞቶ ክፉ የተባለ ሰው የለም። ሚስቱን ሲደበድብ የኖረው «ለትዳሩ ታማኝ» ይባላል። የጎረቤቱን ድንበር በየክረምቱ አንድ ክንድ እየገፋ የበላው «ከሁሉ ጋር በሰላም የኖረ» ይባላል። ከወረዳው ወጥቶ የማያውቀው ደግሞ «ባደረበት ሕመም በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር ሲረዳ ቆይቶ» ይባላል። ይህ ሁሉ በእድር ድንኳን ሥር፣ በድምፅ ማጉያ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ይነበባል። ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ነገ ተራው የራሱ ነውና ማን ምን ብሎ ያጋልጣል?

የዚህ ሁሉ ውሸት አባት ዕንባቆም ነው። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ሆኖ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። ሰው ሲሞት ከለቀስተኛው ቀድሞ ወረቀት ይዞ የሚደርሰው እሱ ነው። ስም፣ የትውልድ ቀበሌ፣ የልጆች ቁጥር፤ ሌላው ድሮ ተጽፎ ያለቀ ነው። በፈትሁዲን ፎቶኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ አንድ ፋይል አለ፤ የፊተኛው ሟች ስም ይወጣል፣ የኋለኛው ይገባል። አንዴ ቸኩሎ ሳያስተካክል ቀረና፣ ሳያገባ የሞተ አንድ መምህር «ስድስት ልጆችና አሥራ አንድ የልጅ ልጆች አፍርተዋል» ተብሎ ተነበበ። እህቶቹ ይብስ አለቀሱ እንጂ ያረመ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ይህ ሰው ታመመ።

ጥር ላይ ከጎድኑ ሥር ይወጋው ጀመር። እህል አስጠላው። ቀበቶውን በሚስማር በሳ፣ በወሩ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ጨመረ። ሚስቱ ገነቴና አስተማሪ የሆነችው ልጁ ሰሎሜ ሆሳዕና ወስደው አስመረመሩት። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ «አባት፣ እርስዎ ውጭ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አለውና ሁለቱን ሴቶች አስቀረ። ሲወጡ ሰሎሜ ፊቷን ታጥባ ነበር።

«ጨጓራ ነው፣ አባዬ።»

«ጨጓራ ከሆነማ ደግ» አለ።

በዚህ አገር ለታማሚ እውነቱን መንገር እንደ መግደል ነው የሚቆጠረው። በሽታው ይገድል እንደሆነ እንጃ፣ ወሬው ግን ይገድላል ይባላል። ስለዚህ ሰፈሩ ያውቃል፣ ታማሚው አያውቅም። ታማሚው እንደሚያውቅም ሰፈሩ ያውቃል፤ ግን ጥርሱን ገልጦ፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ «ዛሬማ ፊትህ ጠርቷል» እያለ ይገባል። ዕንባቆም ደግሞ የሰው ማመልከቻ በግልባጩ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። የሪፈሩን ወረቀት ገና በሚኒባሱ ውስጥ በሰሎሜ ቦርሳ አፍ አንብቦታል። ከ«ጉበት» ቀጥላ ያለችውን ቃል አየ። ከዚያ እስከ ሾኔ ድረስ መንገዱ ግራ ይሁን ቀኝ አላየም።

ፈራ። ይህ ነው ያሳፈረው። በቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ አማኝ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ ሲጠየቅ በቁጥርና በምዕራፍ ይመልሳል። በእጁ ከሁለት መቶ ለማያንስ ሰው «ሞትን ሳይፈሩ፣ በእምነት ጸንተው» ብሎ ጽፏል። አሁን ግን በጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮው በተንጣጣ ቁጥር ልቡ ትዘላለች። የእድሩ ድንኳን የሚቀመጠው በእሱ ጓሮ መጋዘን ውስጥ ነው። አንድ ቀን ሳያስበው ገብቶ የድንኳኑን ብረቶች ሲቆጥር ራሱን አገኘ። ሦስቱ ጎብጠዋል። «እነዚህ መቃናት አለባቸው» ብሎ አሰበ፣ ለማን እንደሆነ ሲገባው በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ዘጭ አለ።

ከሁሉም ያስፈራው ግን አተካና ነበር። ቡላ በቅቤ ተሠርቶ ለሙሽራና ለክቡር እንግዳ የሚቀርበው ምግብ፣ ያለ ሙሽራ ያለ እንግዳ፣ በተራ ማክሰኞ ፊቱ ቀረበ። ገነቴ ሳህኑን አስቀምጣ ቆመች። ለጨጓራ ቅቤ መቼ ተፈቀደ ብሎ ሊጠይቃት አፉን ከፈተ። ዘጋው። ከጠየቀ ትመልስለታለች፤ ያን ጊዜ ነገሩ እውነት ይሆናል። ሁለት ማንኪያ በላ፣ ጓሮ ሄዶ አስመለሰ፣ አፉን ጠርጎ ተመለሰና «እጅሽን ይባርከው» አላት። እሷም ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ከፊልሙ ይከፋ ነበር።

በዚህ መሃል ወይዘሮ ትርፊት የሚባሉ አሮጊት ሞቱ። ዕንባቆም ቢታመምም ሥራ ሥራ ነውና ወረቀቱን ይዞ ወደ ፎቶኮፒ ቤቱ አዘገመ። ፈትሁዲን የሃያ ዓመት ጓደኛው ነው። ሲያየው ከወንበሩ ተነሣ።

«ዛሬ እንኳ መብራት የለም።»

«አናትህ ላይ የሚበራው ታዲያ ምንድን ነው? ጨረቃ?»

«ኮምፒውተሩን ማለቴ ነው። ቫይረስ ገብቶበታል።»

«ዞር በል።»

ፈትሁዲን በሰፊ ደረቱ ስክሪኑን ሊጋርድ ሞከረ። አልሆነለትም። ፋይሉ እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጧል፦ «ዕንባቆም የመጨረሻ»።

ከፈተው። ነገሩ የታሰበው እንዲህ ነው፦ የከተማውን ሟች ሁሉ ታሪክ የሚጽፈው ሰው ከሞተ የእሱን ማን ይጽፋል? ቤተሰቡ ጨነቀው፣ ቀድሞ ያዘ። ሰሎሜም የአባቷን ዘዴ ተጠቀመች፤ የመጨረሻውን ሟች ፋይል አንሥታ ስሙን ለወጠች። ከወይዘሮ ትርፊት በፊት የሞተው ደግሞ ሥጋ ነጋዴ ነበር። «አቶ ዕንባቆም በሥጋ ንግድ ሥራ ተሰማርተው ኅብረተሰቡን በቅንነት አገልግለዋል» ይላል። ሳቁ ሊመጣ ሲል ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። «ሲረዱ ቆይተው .......... ቀን .......... ዓመተ ምሕረት ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።»

ነጥቦቹ። ዕድሜውን ሙሉ በጣቱ የመታቸው ነጥቦች ናቸው፤ ኋላ በእስክሪብቶ እንዲሞሉ። አሁን አንድ በአንድ የተቆፈሩ ጉድጓዶች መሰሉት። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ።

«ማን አሠራህ?»

«ልጅቷ ናት። እናቷም አብራት ነበረች።» ፈትሁዲን ወለሉን እያየ ነው። «‹ነጥቡ ምንድን ነው?› ብላ እናቷ ጠየቀችኝ። ‹የቀኑ ቦታ ነው› አልኳት። ወጥታ ደጁ ላይ፣ እዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። አልተነሣችም፣ ብዙ ቆየች።»

ዕንባቆም ድንጋዩን አየ። ገነቴም ፈርታለች ማለት ነው። እሷ ማጀት ሆና ትፈራለች፣ እሱ መኝታ ቤት ሆኖ ይፈራል፣ መሃላቸው ጨጓራ የሚባል ውሸት እንደ ግድግዳ ቆሟል። እንዲህ እንዳሉ ቀኑ ቢመጣ፣ ሠላሳ አራት ዓመት አብራው የኖረችውን ሴት ሳይሰናበታት ይሄዳል። በቀጥታ እንዳይነግራት አፉን ፍርሃት ይዞታል። የቀረው መንገድ ቀልድ ብቻ ነበር።

«ይህን ወረቀት አትምልኝ» አለ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አራት የእድር ወንበሮች ከመጋዘን አስወጥቶ ጓሮ ደረደረ። ፈትሁዲንን አስጠራ። ሰሎሜ ወረቀቱን በእጁ ስታይ ፊቷ አመድ ሆነ።

«አንብቢ» አላት። ቀይ እስክሪብቶ አወጣ። «ሁለት መቶ ሰው እርማት ሳይሰጥ ተቀብሯል። እኔ ዕድል አግኝቻለሁ።»

«አባዬ፣ እባክህ።»

«አንብቢ ልጄ። ደግሞ ጮክ በይ፤ እንደዚያ ቀን።»

ገነቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ቀረች። ሰሎሜ ማንበብ ጀመረች። የሥጋ ንግዱ ላይ ስትደርስ አባቷ እጁን አነሣ።

«ከሥጋ ነጋዴ ተወልደሽ አስተማሪ መሆንሽ ራሱ ያኮራኛል። ቀጥዪ።»

«‹በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር ሲረዱ ቆይተው...›»

«ውጭ ሀገር የት ነው? አዲሎ?»

«አዲሎ ከምባታ ነው፤ ለሀዲያ ሰው ውጭ ነው» አለ ፈትሁዲን፣ ዓይኑን እየጠረገ።

«አንተ ዝም በል። በሃያ ዓመት አንድ ቀብር በሰዓቱ ደርሰህ አታውቅም። ለእኔም ብታረፍድ አልጠብቅህም።»

«ለአንተማ ቀድሜ ነው የምደርሰው።»

«እንዳትቀድመኝ። ፋይሉን የሚያስተካክል የለም።»

ሰሎሜ እያለቀሰች ሳቀች። «‹እንግዳ ተቀባይና ለጋስ...›» ስትል ከኋላ ድምፅ መጣ።

«እንግዳ ሲመጣ ጓሮ የሚደበቀው ማን ሆነና?» ገነቴ ናት። ነጠላዋን ከአፏ አውርዳለች።

«የሰሎሜ እናት፣ አንቺንም ላርምሽ» አላት። «ወጥሽ ጨው ይበዛዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ዝም ብዬ በላሁ።»

«አውቃለሁ። መቼ ይናገር ይሆን እያልኩ ስጨምርበት ኖርኩ።»

ሁሉም ሳቁ። ዕንባቆምን ሳቁ ጎድኑን ወጋው፤ በእጁ ደግፎ ሳቀ። ሰሎሜ ግን የሚቀጥለውን መስመር አይታ ቆመች። ራሱ ወረቀቱን ወሰደና አነበበው፦ «‹ሞትን ሳይፈሩ፣ በእምነት ጸንተው።›» ቀይ እስክሪብቶው መስመሩ ላይ ወርዶ ቆመ። ቀልድ ፈለገ። አልነበረም።

«ይኼ ይሰረዝ» አለ። «ፈርቷል በሉ። አምኗል፣ ፈርቷልም።»

ገነቴ መጥታ ወንበሩን ወደ እሱ ሳበችና ተቀመጠች።

«ጨጓራ አይደለም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ።»

«እሱንም አውቃለሁ፤ አተካናው ነግሮኛል።» እጇን ያዘ። «በይ እንግዲህ ደህና ሁኚ ልበልሽ፣ ሳይረፍድ። ኋላ ምላሴ እንቢ ቢለኝ ይህን ቁጠሪው። ነጥቦቹን ደግሞ አንቺ ሙዪ። የእድሩ ሰዎች ቀን ይሳሳታሉ።»

ከዚያ በኋላ አርባ ሦስት ቀን ኖረ። ደፋር ሆነ ብሎ የሚያወራ ካለ ውሸቱን ነው። ፍርሃቱ በየቀኑ ይመጣ ነበር፤ አንዳንዴ ላብ ሆኖ፣ አንዳንዴ የበሩን ድምፅ ተከትሎ። ልዩነቱ አንድ ነው። «ገነቴ፣ መጣ» ይላታል፣ ሥራዋን ጥላ መጥታ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ እስኪያልፍ።

በቀብሩ ቀን ፈትሁዲን ከድንኳኑ ቀድሞ ደረሰ። የጎበጡትን ብረቶች ያቃናው እሱ ነው። ሰሎሜ የሕይወት ታሪኩን በድምፅ ማጉያ ስታነብ «ፈርቷልም» የሚለው ላይ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው ወንበሩን አንቋቋ። ከተማው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። የሥጋ ንግዱን ሰምቶ ግን ማንም ቅንድቡን አላነሣም፤ ዕንባቆም እንዳይሰረዝ ብሎ አዝዞ ነበር። ቀኑ በእስክሪብቶ ተሞልቷል፤ ትልልቅና የተጣመሙ ቁጥሮች፣ ቁጥር በጎልማሶች ትምህርት በተማረችው በገነቴ እጅ የተጻፉ። አንዷን ሁለት ጊዜ ደግማባታለች።