የክሌይፎርድ አጭሩ መጋረጃ

በክሌይፎርድ ከተማ፣ ሚስተር ክሌመንት ኦዲ ለወጣት ሙዚቀኞች ድምፅ የሚሰጡት ጫማቸውን እያዩ ነው ይባላል። ወሬው ከሥጋ ቤቱ ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርስ፣ ሰውዬው ከአንድ ሲምፎኒ አንድ ጥሩ የጫማ ሶል ይመርጣሉ እስከ መባል ደርሶ ነበር።

ለማመን ይከብዳል። ሚስተር ኦዲ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ቁርስ ላይ ቅቤውን ከሳሙናው የሚለዩላቸው ባለቤታቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ወሬው ከሜዳ አልተነሣም። ሚስተር ኦዲ ጡረታ እስኪወጡ አርባ ዓመት ጫማ ሰፊ ነበሩ። በዚያ ላይ መጋረጃው አለ።

የከተማው የብስኩት ፋብሪካ ባለቤት የነበሩት መበለት፣ ልጆች ከነሐስ ጡሩምባ እንዲርቁላቸው ብለው ሀብታቸውን ለክላሲካል ሙዚቃ ተማሪዎች ሲናዘዙ፣ ሦስት ባለአደራዎች በየዓመቱ አንድ ልጅ እንዲመርጡ ደነገጉ። የሚጫወተው የማን ልጅ እንደሆነ እንዳይታወቅም በመጋረጃ ይጋረድ አሉ። መጋረጃው አንድ ጊዜ ታጥቦ ሲመለስ በአንድ ስንዝር አጠረ። ከዚያ ወዲህ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከሙዚቀኛው የሚታየው ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው ብቻ ነበር። አጠረ ብሎ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም። በክሌይፎርድ የሰው መጋረጃ አጠረ ማለት ነውር ነው።

ወላጆች ነገሩን በዝምታ ተረዱት። የውድድሩ ወር መስከረም በመጣ ቁጥር የጫማ ቀለም ከከተማው ይጠፋል። አንዱ ፒያኒስት በሚያብረቀርቅ ጫማው ውስጥ የራሱን ፊት አይቶ ደንግጦ ዜማው ጠፋበት ይባላል።

አምና የባለአደራዎቹ ሊቀመንበር ሚስስ ሮዛሊንድ ፋንሾ፣ የሟቹ ቄስ ባለቤት፣ የእንግዳ አልጋቸውን ጽጌረዳማ አንሶላ ቀደው መጋረጃውን እስከ ወለሉ ቀጠሉት።

«ነፋስ ይገባል» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

«እውነት ነው፣ ይገባል» አሉ ሦስተኛው ባለአደራ፣ ጡረተኛው ጠበቃ ሚስተር ሀምፍሬይ ጌት። ሁለቱም ወደ ሚስተር ኦዲ ላለማየት ሲሉ ጣሪያውን አዩ።

ሚስተር ኦዲ ሻያቸውን ጠጡ። ባለአደራ በሆኑባቸው ዐሥራ ስድስት ዓመታት በስብሰባ ላይ የተናገሩት «እስማማለሁ» የሚለውን ብቻ ነበር።

የአምናው ሽልማት ቪዮላ፣ ከቫዮሊን ተለቅ የሚል ባለክር መሣሪያ፣ ነበር። ሚስተር ጌት ወረቀታቸውን አነበቡ፦ «ቁጥር አራት። ቪዮላ። የምትጫወትበት የትምህርት ቤቷ ነው፤ ሰኞ ትመልሳለች። ሌላ የላትም።»

ቅዳሜ ነበር።

ከመጋረጃው ጀርባ ቪዮላዋ ጀመረች። ከእርሷ ጋር ሌላም ነገር ጀመረ፤ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። ልጅቷ ወዲህ ባዘነበለች ቁጥር ሲጥ፣ ወዲያ ባለች ቁጥር ሲጥ።

«ዘመናዊ ድርሰት ይሆን?» ብለው አንሾካሾኩ ሚስስ ፋንሾ።

«እጅግ ዘመናዊ» አሉ ሚስተር ጌት።

ቪዮላዋ ተንገዳገደች፤ ሁለት ኖታ ሳተች፤ ቆመች። በደንቡ መሠረት ያቋረጠ አለቀለት፤ ደወል ተደውሎ ቀጣዩ ይገባል። ሚስስ ፋንሾ እጃቸውን ወደ ደወሏ ሰደዱ።

«ያቺን ደወል ይተዋት» አሉ ሚስተር ኦዲ።

የሻይ ማፍያው እንኳ መንተክተኩን የተወ መሰለ።

«ምን አሉ?» አሉ ሚስስ ፋንሾ።

«ጫማው ጠቧታል። በአንድ ቁጥር ተኩል ያንሳል። ግራው ከቀኙ ይብሳል።»

«ኧረ ክሌመንት! መጋረጃው እኮ መሬት ነክቷል! በምን አዩት?»

«ማን አየ? ሰማሁ እንጂ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው በሱቄ ወለል ላይ ሲረግጥ ስሰማ ኖሬ ይህን ካላወቅኩ ምን ልሠራ ኖርኩ?»

«በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት» አሉ ሚስስ ፋንሾ ቀላ እያሉ፣ «ባለአደራ ለተወዳዳሪ መናገር አይፈቀድለትም።»

ሚስተር ኦዲ አሰቡ። ሰኞን አሰቡ። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሥተው በመጋረጃው ላይ ጮኹ፦

«አንተ ጫማ! ውጣ ከእግሯ!»

ሚስተር ጌት ኑዛዜውን ገለጡ። አራት ደቂቃ ሙሉ አገላበጡት። «ለጫማ መናገር አይከለክልም» አሉ በመጨረሻ፣ እንደ መበሳጨትም እንደ መደሰትም ብሏቸው።

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ነገር ዷ አለ። ቀጥሎም ሌላው። ከዚያ ቪዮላዋ እንደ አዲስ ጀመረች።

ሚስተር ኦዲ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድሮ ሱቃቸው ውስጥ መዶሻቸውን አስቀምጠው ሬዲዮ የሚሰሙት እንዲህ ነበር፤ ደንበኛ ቢገባም አይገልጡም፣ ደንበኛው ይቆማል። ዜማው አልቆ የቀሩት ተወዳዳሪዎችም ሲጨርሱ ሦስቱ የድምፅ መስጫ ወረቀቶች በአሮጌው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ገቡ። ሦስቱም ላይ «4» ተጽፏል።

ታምሲን ያሮው፣ የወተት ገበሬው ልጅ፣ ቪዮላዋን ተቀብላ ስትወጣ የአክስቷን የሠርግ ጫማ በእጇ አንጠልጥላ፣ በባዶ እግሯ ነበረች። ከተማው ያየው ይህን ነው። በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ደግሞ «ሚስተር ኦዲ ተናገሩ» የሚል ብቻ ነው።

ዘንድሮ ዐሥራ አንድ ተወዳዳሪዎች መጡ፤ ዐሥራ አንዱም በባዶ እግራቸው። አንዱ ዋሽንት ነፊ ሲያስነጥስ የመጋረጃውን ጽጌረዳ አወዛወዘው። የደብሩ መጽሔት አዘጋጅ ሚስስ ፕሪሲላ ዶውክስ ይህን ጊዜ አላስችላቸው ብሎ የሚስተር ኦዲን በር አንኳኩ።

«ሚስተር ኦዲ፣ ከተማው ሁሉ ዳኝነትዎ በጫማ ነው ይላል። ድሮ ጫማ ላማረ ነበር፣ አሁን ደግሞ ጫማ ለሌለው። እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ነው» አሉ ሚስተር ኦዲ። «የአንድም ልጅ ጫማ አይቼ አላውቅም። መጋረጃው አጭር እንደነበረ ራሱ የሰማሁት ሲቀጠል ነው።»