ለሁሉም ክፍል አንድ መወልወያ

ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ካሳደግሁ በኋላ ነው። ቃሉ ቢሰበር፣ ነገሩም ቢጠማዘዝ ይቅር በሉኝ። ስለዚህች ሴት የሚጽፍ ሌላ ሰው ቢገኝ ኖሮ እኔ ብዕር ባልነካሁ።

ሚዛን ይሏታል። በመንግሥት ሆስፒታል አሥራ ስድስት ዓመት አጽድታለች። ኋላ ጽዳቱ በኮንትራት ለድርጅት ሲሰጥ፣ እሷም እንደ ባልዲውና እንደ መጥረጊያው አብራ ተላለፈች።

ድርጅቱ አረንጓዴ ቱታና ቅጽ ይዞ መጣ። ቅጹ ላይ የየክፍሉ ስም አለ፤ ያጸዳ ሰው ምልክት ያደርጋል። ሌሎቹ ጠዋት ገና ባልዲ ሳይሞሉ ከላይ እስከ ታች ምልክት አድርገው ይገላገላሉ። ሚዛን ግን ላልወለወለችው ክፍል ብትሞት ምልክት አታደርግም።

አንድ ሰሞን ድርጅቱ ለአንድ ሠራተኛ አንድ መወልወያ ይበቃል አለ። ሽንት ቤቱም ወሊድ ክፍሉም በዚያው። ሚዛን ወሊድ ክፍል በር ድረስ ሄዳ ተመለሰች፤ በቅጹም ላይ መስመሩን ባዶ ተወችው። ባዶ መስመር ደግሞ ድርጅቱን በሆስፒታሉ ያስቀጣል።

ተቆጣጣሪው፣ ልጇ የሚሆን ጎረምሳ፣ ቅጹን እያወዛወዘ መጣ።

«እናት፣ ይቺ ምን ሆና ቀረች?»

«አልወለወልኳትማ።»

«ታዲያ ምልክት አድርጊባት! እጅሽ ይቆረጣል?»

«በሽንት ቤት መወልወያ አራስ ያለችበት አልገባም። አንተስ ስትወለድ እንዲህ ነው የተቀበሉህ?»

የሰሙት ሠራተኞች ሳቃቸውን በቱታቸው እጅጌ አፈኑ። የሱ ግን ደሙ ፈላ።

«እንግዲያው ነገ የሥራ መታወቂያሽን አስረክበሽ ትሄጃለሽ!»

ባሏ አልጋ ከያዘ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቤቱ የቆመው በሷ ነው። ያም ሆኖ ቃሏን አላጠፈችም።

አዋላጇ ነርስ ከወሊድ ክፍሉ በር ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታ ኖሯል።

«ሚዛን፣ እውነት በዚህ ነው ሁሉን የምትወለውሉት?»

ሚዛን ማንንም አልከሰሰችም። መወልወያውን ብቻ ከፍ አድርጋ አሳየቻት። ነርሷ ቅጹን ከጎረምሳው እጅ መንጭቃ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ነጎደች። ምን እንደተባለ ለሚዛን የነገራት የለም። ማታ ባሏ «ምነው ፊትሽ?» ቢላት «ደክሞኝ ነው» ብላ አለፈችው።

በማግስቱ ጠዋት መታወቂያዋን ካንገቷ አውልቃ በእጇ ይዛ መጣች። ጎረምሳው በር ላይ ቆሟል፤ እግሩ ሥር ላስቲኩ ያልተቀደደ የመወልወያ እስር ተቀምጧል።

«መልሰሽ አጥልቂው በቃ» አላት፣ መሬት መሬት እያየ።

ከእስሩ አንዱን መዝዛ፣ ከሌላው እንዳይምታታ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረችበትና ወሊድ ክፍል ገባች። ከአልጋዎቹ ሥር ጀመረች።