ለስለት የሰጠሁት የልጄ ቤት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ንስሐ አባቴ ፊት እቀመጣለሁ፤ የተቆጣሁትን፣ ያማሁትን፣ ጸሎት ያስታጎልኩትን አንድ በአንድ እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። ምን ብዬ ልጀምር? አባቴ፣ ቤት አፍርሻለሁ ብላቸው የማንን ቤት ይሉኛል። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ቤት ነው ብላቸው ይስቁ ይሆናል። ሦስት ዓመት ሙሉ የተሸሸግሁት በዚህ ነው። በደሌ የሚያስቅ ስለሚመስል በደል እንዳልሆነ አድርጌ ያዝኩት።

በደል ነው። ቤቱን አስፈርሻለሁ። ከዚያ ዋሽቻለሁ። ዋሽቼም ምንም ባላጠፋች ልጅ ላይ ጥፋቱን ጥዬ ዝም ብያለሁ።

ልጄ ሕይወት ትባላለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ ከሮቢት ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠና የጭኗ አጥንት ተሰበረ። በወጌሻ አሳሰርንላት፤ ጠሞ ገጠመ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ኑሮዋ ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ አልጋ ሆነ። የቆቦ ሙቀት ለቆመ ሰውም አይመች፤ ለተኛ ሰው እንዴት እንደሆነ እኔ አይቻለሁ። የአክስቷ ልጅ አዝኖላት አሮጌ ላፕቶፑን ሰጣት። በዚያ ላይ ከዘሃራ ጋር አንድ ጨዋታ ጀመሩ።

ዘሃራ የጎረቤቴ የፋጡማ ልጅ ናት። ፋጡማና እኔ በአንድ ዓመት ነው የወለድነው። ልጆቹ ያደጉት አንዷ በሌላዋ ቤት ነው። በፋሲካና በአረፋ ሥጋችን ይለያያል እንጂ ሌላው ሁሉ አንድ ነበር።

ጨዋታውን እንደገባኝ ላስረዳ። ከየአገሩ ብዙ ሺህ ሰው በኢንተርኔት ይገባበታል። እያንዳንዱ በውስጡ የራሱን ሰው ይፈጥራል፤ ስም ያወጣለታል፣ ያለብሰዋል፣ ሥራ ያሠራዋል። ከተማ አለ። በከተማው ውስጥ ለቤት የሚሆን ቦታ አለ፤ ቦታው ግን የተቆጠረ ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ስለዚህ በዕጣ ይሰጣል። ሕይወት ዓሣ እያጠመደች፣ ዘሃራ ልብስ እየሰፋች እዚያው ጨዋታው ውስጥ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ከረሙ። ሦስት ጊዜ ዕጣ አልወጣላቸውም። በአራተኛው ሕይወት ጮኸች። እግሯን ያመማት መስሎኝ ከጓሮ ሮጬ ስገባ ሁለቱ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ።

«እማዬ፣ ቦታ ደረሰን!»

«የት? ከቀበሌ?» አልኩ።

ዘሃራ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። «ወላሂ እትዬ ዘውዴ፣ ከቀበሌማ ቢሆን ገና ፎርም እየሞላን ነበር!»

ቤቱን ሠሩት። ሕይወት ከሁሉ በፊት ያሠራችው ደረጃ ነው። ፎቅ ላይ ምንም ሳይኖር የእሷን ሰው ደረጃውን ስታስወጣና ስታስወርድ ትውል ነበር። እኔ ያን ጊዜ ምን የሚሉት ሥራ ነው እል ነበር። ጨዋታው ውስጥ ማሽላ የለም፤ ስለዚህ ለሐይቅ ዳር የተሠራ ረጅም ሣር ገዝተው በጓሮው በመስመር በመስመር ተከሉት። ከሩቅ ሲያዩት የእኛው ማሽላ ነው። ከማያውቁት አገር ሰዎች እየመጡ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ ግድግዳው ላይ ባለ ሰሌዳ ስማቸውንና አንድ ሁለት ቃል ጽፈው ይሄዳሉ። ሕይወት እያነበበች ትተረጉምልን ነበር።

የቤቱ ቁልፍ ሦስት ዓይነት ነው። ባለቤቱ ሁሉን ያደርጋል። ሁለተኛው ቁልፍ ለሚታመን ሰው ይሰጣል፤ ዕቃ ማስገባትም ማንሳትም ይችላል። እንግዳ ግን ገብቶ ከማየት በቀር አይነካም። ሁለተኛው ቁልፍ የዘሃራ ነበር። አንድ ሕግ ደግሞ አለ። ከባለቤቱና ከባለ ሁለተኛው ቁልፍ አንዳቸውም አርባ አምስት ቀን ሙሉ ደጁን ካልረገጡ ቤቱ ይፈርሳል፤ ቦታው ለሌላ ሰው በዕጣ ይወጣል። ሰው ይዞት እንዳይጠፋ፣ ቦታ ያጣው እንዲያገኝ ነው አሉኝ። ሕጉ ክፉ አይደለም። ክፉዋ እኔ ነኝ።

ያን ቤት አልወደውም ነበር። ይህንንም ልናገር። እኔን «ውኃ ስጪኝ»፣ «ትራሱን አስተካክዪልኝ» ከማለት በቀር የማታናግረኝ ልጅ እዚያ ስትገባ ትስቃለች። አጥቤ፣ አብልቼ፣ አንስቼ የማስተኛት እኔ፤ ሳቋ ግን የዚያ ቤት ነበር። በሣር ማሽላ ቀናሁ።

ከጥምቀት በኋላ አዲስ አበባ ያለ ሐኪም አያት። አጥንቱ እንደገና ተሰብሮ በብረት ይታሰራል አለ፤ ላይሳካም ይችላል አለ። እህቴ ዘንድ አስቀመጥኳትና፣ ሁለት ታናናሾቿም የሚለቀም ሽንኩርትም ስላለብኝ ተመለስኩ። ላፕቶፑን መንገድ ላይ እንዳይሰበር ቤት ትታው ነበር። የዘሃራ ስልክ ያን ጨዋታ አይችልም። ስለዚህ ዘሃራ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ዘንድ እየመጣች፣ በራሷ ስም ገብታ፣ የቤቱን ደጅ ረግጣ እንድትወጣ ተስማሙ። ሕይወት መኪናው ውስጥ ሆና «ዘሃራ፣ አደራ!» ስትላት ሰምቻለሁ።

የቀዶ ጥገናው ቀን ሲቆረጥ ሚካኤል ደጅ ሄድኩ። ከዚያ በፊት ጃንጥላ ተስዬ ነበር፣ ሻማ ተስዬ ነበር። ያን ቀን ግን የሚያም ነገር መስጠት አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ግንቡን ተደግፌ «ልጄን በእግሯ ካቆምክልኝ ያ ቤት ይቅር» አልኩ። ይቅር! የእኔ ይመስል። ሰው የጎረቤቱን በሬ ይሳላል? የሚያመኝን ልስጥ ብዬ ሄጄ ልጄን የሚያማትን ሰጠሁ። እኔ ከራሴ ምን ጎደለብኝ? እንዲያውም የምቀናበትን ነገር ነው የሰጠሁት። መልአኩን ነበር የማስደስተው ወይስ ራሴን? እስከ ዛሬ ደፍሬ አልመለስኩትም።

ያን ጊዜ እኛም ሁዳዴ ላይ ነበርን፣ እነሱም ረመዳን ገብቶባቸው ነበር። ቅዳሜ ዘሃራ ከንፈሯ ደርቆ መጣች።

«ዘሃራዬ» አልኳት፣ «ጾም ይዘሽ፣ ፈተናም ደርሶብሽ አትመላለሺ። ስታደርጊ አይቻለሁ። ገብቶ መውጣት አያቅተኝም።»

«ውይ እትዬ! አንቱም ተጫዋች ሊሆኑ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ጎኔ ተቀምጣ ቀስ ብላ አሳየችኝ። «ይሄን ይጫኑ፤ በእኔ ስም ያስገባዎታል። በሩ ጋ ሲደርሱ ይሄን። ገብተው ይውጡ፤ ሌላ ምንም የለውም።» ከዚያ ትከሻዬን ሳመችኝ። «አላህ ያክብርልኝ» አለችኝ። ገብቼ እንደማልረግጠው እያወቅሁ ምስጋናዋን ተቀበልኩ።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። እህቴ ደውላ ስትነግረኝ ተንበርክኬ አለቀስኩ። ተመስገን። ሕይወት በየሳምንቱ ስትደውል «ዘሃራ እየገባች ነው?» ትለኛለች። «እየመጣች ነው» እላለሁ።

አንድ ቀን፣ አርባው ቀን ካለፈ በኋላ፣ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ዘሃራ ባሳየችኝ መንገድ ሄጄ በሩ ጋ ደረስኩ። በሩ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጥቷል። እንግሊዝኛ አላነብም፤ ከጽሑፉ መካከል ያለችውን የሦስት ቁጥር ግን አየሁ። ሦስት ቀን ቀርቶታል። አንዴ ብጫን ያበቃ ነበር። ጣቴን አስጠግቼ ቆየሁ። ብጫነው ስለቴን አጠፋለሁ፤ ስለቴን ባጠፋ እግሯን መልሶ ይወስድብኛል ብዬ ፈራሁ። መልአኩን እንዲህ አድርጌ ነው ያሰብኩት፤ እንደ አራጣ አበዳሪ። ላፕቶፑን ዘጋሁት፤ ጨርቅ አለበስኩትና ሽንኩርቴን ልለቅም ሄድኩ።

ሕይወት ከፋሲካ በኋላ በክራንች መጣች። ሻንጣዋን ሳትከፍት ላፕቶፑን ከፈተች። በቦታው ላይ ሰማያዊ ጣሪያ ያለው የሌላ ሰው ቤት ቆሟል። ያ ሣር የለም። ከዚያ ዘሃራን አስጠራቻት።

«አንቺ፣ አደራ ብዬሽ አልነበረም?»

ዘሃራ ማያውን አይታ ደነገጠች። «እንዴ? እትዬ ዘውዴ እኮ እኔ እገባለሁ ብለውኝ…»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ?» አልኩ። «ኮምፒውተር ማብራት የማላውቅ ሴት?»

ሕይወት ሳቀች፤ የንዴት ሳቅ። «በእማዬ ታሳብቢያለሽ? እማዬ እኮ ስልክ እንኳ እኔ ነኝ የምደውልላት! ሰነፍኩ አትዪም? ረሳሁ አትዪም?»

ዘሃራ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ያን ጊዜ እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። እግሯ ድኗል፤ ስለቱ ተፈጽሟል፤ የምፈራው ምንም አልነበረም። ቤቱ እንዲፈርስ ስተው ፈርቼ ነበር ልል እችላለሁ። ይህን የዋሸሁት ግን ለማን ነው? ለሚካኤል ነው? ልጄ እንዳትጠላኝ ብዬ ነው የዋሸሁት። ለራሴ ነው።

«ይቅርታ ሕይወት» አለች ዘሃራ። ያላጠፋችውን ይቅርታ ጠየቀች።

«ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትመጪ!»

አልመጣችም። ሁለት ዓመት በአንድ ሰፈር ሳይነጋገሩ ኖሩ። ዘሃራ ጎብዬ ተዳረች፤ ሂና የተቀባችበት ቀን ጭፈራው እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ሕይወት መስኮቱን ዘጋች። ፋጡማ «ልጆቹን ምን ነካብን?» ስትለኝ «ልጆች ናቸው» አልኳት። ይህንንም ዋሸሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጎብዬ ገበያ ወረድኩ። ልጅ ያዘለች ሴት ከኋላዬ ትከሻዬን ያዘችኝ። ዘሃራ ናት። እንደ ድሮው ሳመችኝ።

«ሕይወት አሁን ትሄዳለች? ያለ ክራንች?»

«ትሄዳለች።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

ያን ጊዜ አልቻልኩም። ገበያው መካከል «ለምን አልተከራከርሻትም?» አልኳት።

ልጇን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ አስተካከለች። «ምን ብዬ እትዬ? ያን ጊዜ መጸዳጃ ቤት እንኳ አንቱ ነበሩ ደግፈው የሚወስዷት። ከአንቱ ከምትጣላ ከእኔ ትጣላ ብዬ ነው።» ከዚያ ሳቅ ብላ «ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። መጫን አቅቶዎት ነው?» አለችኝ።

እስካሁን አቅቷት ይሆናል እያለች ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ለእኔ ከዚህ የከፋ ነገር አላሰበችም።

«አላቃተኝም» አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ከገዛችው ሎሚ ግማሹን በዘንቢሌ ጨመረችልኝና ሄደች።

ልጄ ትሄዳለች። ስለዚህ ጠዋት ማታ አመሰግናለሁ፤ ማመስገኔንም አልተውም። ግን እግሯ የዳነው በዚያ ቤት ዋጋ ነው ብዬ ከእንግዲህ አላምንም። ያን ቤት ማንም አልጠየቀኝም። በቸርነት የተሰጠኝን ነገር በሌብነት የገዛሁት አስመስዬ ሦስት ዓመት ያዝኩት። እናቷ ስለሆንኩ፣ ስለፈራሁ፣ ስላልገባኝ ብዬ አላመካኝም። ገብቶኝ ነበር። የሦስት ቁጥሯን አይቻለሁ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ መጀመሪያ የማነብላት ለሕይወት ነው። አንብቤ ስጨርስ ማሪኝ አልላትም፤ ማሪኝ ብላት የእኔን እንባ ስታብስ ትውላለች፤ ልጄን አውቃታለሁ። የጎብዬ መኪና ከየት እንደሚነሳ ብቻ እነግራታለሁ። መጀመሪያ ወደ ዘሃራ ትሂድ። የእኔ ተራ ከዚያ በኋላ ነው፤ ላይደርሰኝም ይችላል።